ጉባኤውና መስኮቱ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ደጋ ስለ ትምህርት መሣሪያ ታሪክ ለመናገር የሚሻ ሰው፣ ከወረቀትና ከብዕር አስቀድሞ አንደበትንና ጆሮን ማንሣት ይኖርበታል። የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤቶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። መምህሩ ቅኔ ነግረው ምሥጢሩን ይፈታሉ፤ ተማሪው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። ከሳተ ይታረማል፤ እስኪሰምርለትም ይመላለሳል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ጉባኤ የወጡ ናቸው። የዚህ ሥርዓት ኃይሉ ተማሪው ሰሚ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከዚህ መንፈስ የራቀ አልነበረም። መሣሪያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የፊደል ገበታ ነበር። ዘማቹ በግዳጅም ይምጣ በውድ፣ ከገበሬው አጠገብ ተቀምጦ የጻፈውን ያይለት፣ ያነበበውን ይሰማው ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ «ፕላዝማ» በመባል የታወቀው የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይሠራጭ ጀመር። ጥቅሙን መካድ አይገባም፤ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራን በዐይኑ ለማየት በቅቷል። ይሁን እንጂ በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ አቅርቦ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ በኋላ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አምልጦታል። የክፍሉ መምህርም በመግቢያና በመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃዎች ተወስኖ፣ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኗል። የቅኔው ጉባኤ ዋና ምሰሶ የነበረው የተማሪው መልስ፣ በዚህ መስኮት ፊት ሰሚ አጣ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። መብራትና ኔትወርክ ያልደረሰበት የገጠር ልጅ ከዕድሉ ውጭ ቀርቷል። የእጅ ስልክ ግን ከፕላዝማው የሚለይበት ነገር አለው፤ ድምፅ ያደርሳል፣ ድምፅም ይመልሳል። ተማሪው ያነበበውን ቀርጾ ቢልክ መምህሩ ሰምቶ ሊያርመው ይችላል።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል በሚገባበት ጊዜ ሁሉ፣ የትምህርት ኃላፊዎችም ሆኑ መምህራን ከዋጋውና ከብዛቱ አስቀድመው የተማሪው መልስ በየት በኩል እንደሚመለስ፣ ማንስ ሰምቶ እንደሚያርመው ሊጠይቁ ይገባል። ለዚህ መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ የዲማ መምህር በባዶ እጃቸው የሚሠሩትን ሥራ ሊሠራ አይችልም።