ምክር ቤት ቢጠይቁ መድፍ መጣባቸው

በዐረቡ ዓለም የለውጥ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር «ያለ ውጭ ኃይል እነዚህ ገዥዎች አይነቀነቁም» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፡፡ በ2003 ኢራቅ ስትወረር፣ በ2011 የኔቶ አውሮፕላኖች ሊቢያን ሲደበድቡ ይኸው ክርክር ነበር፡፡ ነገሩ ግን የቆየ ነውና እስቲ ወደ 1882ቷ ግብፅ እንመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፡፡

ኸዲቭ ኢስማዒል አገሪቱን መቶ ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዕዳ ዘፈቋት፡፡ በ1875 የስዊዝ ቦይ አክሲዮኗን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ለእንግሊዝ ሸጡ፤ በዓመቱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች በገቢና ወጪዋ ላይ ተሾሙ፡፡ በጉንደትና በጉራ በአፄ ዮሐንስ ጦር የደረሰው ሽንፈትም ሌላ ሸክም ሆነ፡፡ የኋላው የለውጥ መሪ አሕመድ ዑራቢ በዚያ ዘመቻ በስንቅና በማጓጓዝ በኩል አገልግሎ ነበር፤ የአዛዦቹን ዝርክርክነት አይቶ ተቆጥቶ ተመለሰ፡፡

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1881 ዑራቢ ወታደሮቹን በዓብዲን ቤተ መንግሥት ፊት አሰለፈ፡፡ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ፣ የእንደራሴዎች ምክር ቤት እንዲጠራ፣ ጦሩም 18,000 እንዲሞላ ጠየቀ፡፡ የኢስማዒል ልጅ ኸዲቭ ተውፊቅ እሺ አሉ፡፡ የከረረው ምክር ቤቱ በበጀቱ ላይ ድምፅ ልስጥ ያለ ጊዜ ነው፡፡ የጠየቀው ለዕዳ ክፍያ ያልተመደበውን ክፍል ብቻ ነበር! ሁለቱ መንግሥታት ግን በጃንዋሪ 1882 ከኸዲቩ ጎን መሆናቸውን በማስጠንቀቂያ ገለጹ፡፡

ጁላይ 11 የእንግሊዝ መርከቦች እስክንድርያን በመድፍ ደበደቡ፡፡ ተውፊቅ በወራሪው ጥላ ሥር ገቡ፤ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድም ዑራቢን ዐመፀኛ ብለው ዐወጁ፡፡ ሴፕቴምበር 13 ንጋት ላይ፣ በተል አል-ከቢር፣ ጦሩ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተፈታ፡፡ ዑራቢም ወደ ሲሎን ተጋዘ፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱህ አቋም ነው፡፡ ለውጥ በትምህርት ቀስ ብሎ ይምጣ ባይ ስለ ነበሩ መጀመሪያ ወታደሮቹን አላመኑም፤ ትችታቸውንም በኋላ አልተዉም፡፡ የውጭ ጦር ሲመጣ ግን ከአገራቸው ሰዎች ጋር ቆሙ፡፡ የከፈሉት ዋጋ ስደት ነበር፡፡

ለንደን ሥርዐት ካስያዝኩ በኋላ እወጣለሁ ስትል ደጋግማ ተናገረች፡፡ በ1883 ከማማከር ያለፈ ሥልጣን እምብዛም ያልነበራቸው ምክር ቤቶች ቆሙ፡፡ የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች ከስዊዝ የወጡት በጁን 1956፣ ከ74 ዓመት በኋላ ነው፡፡ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ከፈረንሳይ ጋር ሆነው፣ ፖርት ሰዒድ ላይ እንደገና ወረዱ፡፡