የነጭ እባቦች የዘር መዝገብ

በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ ያለውን የአዞ እርባታ ለመጎብኘት በሄድንበት ቀን፣ ከመካከላችን አንዱ አጥሩን ተደግፎ ጫጩቶቹን ሲመለከት ቆየና «ከዚህ ሁሉ መካከል ነጭ ሆኖ የሚፈለፈል አይገኝም ይሆን?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ፈጠን ብሎ «ነጭ ሆኖ የሚወለድ ሁሉ በእናቱ ጥፋት ነው፤ እናቲቱ በቀትር ወንዝ ስትወርድ ጋኔን ያያት እንደሆነ ልጇ እንዲያ ይሆናል» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የለም፣ ለምጽ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ግን ሳቁ አልበረከተልንም። ነገሩ ስለ አዞ ብቻ አልነበረምና፤ ነጭ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ታቅፋ የጎረቤቶቿን ሐሜት የምትሰማ እናት መኖሯን እያንዳንዳችን እናውቃለን።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ያንን የአጥር ዳር ክርክር እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ለጥያቄው የጠራ መልስ ካስገኙት እንስሳት አንዱ በሰው እጅ የሚረባው እባብ ነው። እባብ ከሩቅ የሚፈራ እንጂ ቀርበው የሚመረምሩት ፍጥረት አይደለም እየተባልን ስላደግን፣ ስለ ሰው ልጅ ከእርሱ የምንማረው ይኖራል ብለን አልጠበቅንም ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ነጭ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያጠቃልል እንለይ። የእባብ ቆዳ መልኩን የሚያገኘው በዋናነት ከሦስት ዓይነት ሴሎች ነው። አንደኛው ሜላኒን የተባለውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይሠራል፤ ሁለተኛው ቢጫና ቀይ ቀለም ይይዛል፤ ሦስተኛው ብርሃንን እየመለሰ ያንጸባርቃል። ነገሩን በጋሞ ደጋ በሚኖሩት በዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ ብንመስለው ይቀለናል። ሸማኔው በቦታው ተቀምጦ ሳለ ለጥለቱ የሚሆነው ጥቁር ክር ሳይነከር ቢቀርብለት ጥለቱ ያለ ጥቁር ይወጣል። አልቢኖ የሚባለው እባብ እንዲህ ያለ ነው፤ ሴሉ አለ፣ ሜላኒኑ ግን አልተሠራም። ዓይኑም የደሙ መልክ ስለሚታይበት ቀላ ይላል፤ ቢጫውና ቀዩ ቀለም ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። በሌላ በኩል ጥለት ሠሪው ጭራሽ ያልመጣ እንደሆነ ሸማው ያለ ጥለት ነጩን ይቀራል። ሉሲስቲክ የሚባለው እባብ ይህን ይመስላል፤ ቆዳው ነጭ ሲሆን ዓይኑ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ነው። ከሰውነቱ ከፊሉ ብቻ ነጭ የሚሆንም አለ። ለምጽ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ቀለም ኖሮት የተወለደ ቆዳ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን የሚያጣበት ሕመም ነው። ስለዚህ የሦስተኛው ጓደኛችን መልስ ከዚሁ ላይ ይወድቃል።

የሁለተኛው ጓደኛችን መልስ ግን ጥንታዊና ሰፊ ዘመድ ያለው ነው። ነጭ ፍጥረት ሲታይ ሰው ምክንያቱን በመናፍስት ዘንድ የፈለገው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በጃፓን ምዕራብ በምትገኘው በኢዋኩኒ ከተማ ነጫጭ እባቦች ከጥንት ጀምሮ ቤንዛይተን የምትባለው አምላክ መልእክተኞች ናቸው ተብለው ሲከበሩ ኖረዋል። መንግሥቱ በ1924 የሚኖሩበትን ስፍራ፣ በ1972 ደግሞ እባቦቹን ራሳቸውን የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ ደነገገ፤ ዛሬም በከተማይቱ በእንክብካቤ ይረባሉ። በእኛም አገር ስለ ዘንዶው ንጉሥ ስለ አርዌ የሚተረከውን የሰማ ሁሉ፣ እባብ በሰው ሐሳብ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንደያዘ አይስተውም። ልዩነቱ በኢዋኩኒ ነጩ እባብ ሲከበር፣ በሌላ ስፍራ ነጭ የተወለደው መጠላቱ ነው። ክብሩም ሆነ ጥላቻው ግን ነጭነቱ ከወዴት እንደመጣ አያስረዳም።

ማስረዳት የጀመረው ቆጠራ ነው። የብሩን ገዳም መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ከ1856 እስከ 1863 ድረስ አተር እየዘሩ ልጁን ከአባቱና ከእናቱ ጋር እያመሳከሩ መዘገቡ። ክብ ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ክብ ሆነ። እነዚህን እርስ በርሳቸው ሲያራቧቸው ግን 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ፍሬ አገኙ፤ ይኸውም ወደ ሦስት ለአንድ የሚጠጋ ነው። የተጨማደደው ባሕርይ በመካከለኛው ትውልድ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። ሜንዴል ይህን በ1866 አሳተሙ፤ እስከ 1900 ድረስ ግን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ አልቢኖነት እንዲህ ያለ ስውር ባሕርይ መሆኑን አረጋገጡ። በ1908 እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ የሰውን አልቢኖነት በሰውነት ውስጥ የሚካሄድ አንድ ሥራ ከልደት ጀምሮ በመጓደሉ ከሚመጡት ሁኔታዎች መካከል ቆጠሩት።

በእባብ ላይ ማስረጃው የተገኘው ቆየት ብሎ ነው። በ1953 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት «የበቆሎ እባብ» ከሚባለው መርዝ የሌለው ዝርያ አንድ አልቢኖ ተያዘ። ይህንን እባብ የተቀበሉት በርናርድ ቤክቴል የቆዳ ሐኪም ነበሩ፤ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው መልኩ ከተለመደው እባብ ጋር አራቡት። የተፈለፈሉት ልጆች በመልካቸው ከማናቸውም የበቆሎ እባብ የማይለዩ ነበሩ። በዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነጭነቱ ለአንድ ጊዜ የደረሰ ድንገተኛ ነገር ነው ተብሎ በቀረ ነበር። እነርሱ ግን ልጆቹን መዝግበው እስኪያድጉ ጠበቁ፤ በ1961 ከእነዚያ ልጆች ወገን አልቢኖ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ውጤቱንም በ1962 አሳተሙ።

ከዚህ ታሪክ ልናጎላው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ምሥጢሩን የገለጠው ነጩ እባብ አይደለም፤ ነጭ ያልሆኑት ልጆቹ ናቸው። ነጩን እያዩ መደነቅ ለሺህ ዓመታት ተችሏል። መልከ ልማዱን እባብ «ይህ የእገሌና የእገሊት ልጅ ነው» ብሎ በመዝገብ መያዝ ግን አዲስ ነገር ነበር። የነጭነቱ ዘር ያለው እርሱ ላይ ነውና።

መዝገቡ በተዘረጋ ጊዜ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ታወቁ። የመጀመሪያው፣ አልቢኖው የበቆሎ እባብ ጥቁሩን አጥቶ ቀዩንና ብርቱካናማውን ስላስቀረ በእርግጥ ነጭ አለመሆኑ ነው። በረዶ የሚመስለውን እባብ ለማግኘት ቀዩን ቀለም የሚያሳጣ ሌላ ስውር ባሕርይ ከፊተኛው ጋር በአንድ እባብ ላይ መገናኘት አለበት። ሁለቱንም በስውር የተሸከሙ ወላጆች ሲራቡ ይህ የሚጠበቀው ከ16 ጫጩት በአንዱ ነው። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል፤ ሁለት አልቢኖ ወላጆች ተራብተው ልጆቻቸው ሁሉ መልከ ልማድ ሆነው ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው የአባትየው ጉድለት በአንድ ጂን፣ የእናቲቱ ደግሞ በሌላ ጂን ላይ ሲሆን ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል።

ጂኖቹ በስማቸው የታወቁት በእኛ ዘመን ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአልቢኖው የበቆሎ እባብ ኦሲኤ2 በተባለው ጂን መካከል ባዕድ የዘር ቁራጭ ተሰክቶ አገኙ፤ ይህም ጸሐፊ ሳያውቅ የሌላ መጽሐፍ ቅጠል እንደጠረዘበት ብራና ነው። በ2018 የጃፓን ሊቃውንት በዚያው በኢዋኩኒ እባብ ዝርያ በተገኘ አልቢኖ ላይ ታይሮሲኔዝ የተባለውን የሜላኒን ሥራ ጀማሪ ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ከመንገድ ላይ «አቁም» የሚል ትእዛዝ እንደገባበት አሳዩ። በ2022 በአሜሪካ የኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮያል ፓይተን የሚባለውን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ መረመሩ። አንዱ ዓይነት አልቢኖ በታይሮሲኔዝ ጂን፣ ላቬንደር የሚባለው ሌላው ዓይነት በኦሲኤ2 ጂን ጉድለት እንደሚመጣ አገኙ። ለዚህም ሥራ የተጠቀሙት አርቢዎች የላኩላቸውን እባቦቹ የጣሉትን ቅርፊት ነው።

እንግዲህ ወደ እናቲቱ እንመለስ። ታይሮሲኔዝና ኦሲኤ2 በሰውም ዘንድ ያሉ፣ በሰውም ላይ አልቢኖነትን የሚያመጡ ጂኖች ናቸው። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከኦሲኤ2 የሚመጣው ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ ነጭ ልጅ የሚወለደው ጉድለቱን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ወላጆች መልከ ልማድ ሆነው በስውር ተሸክመውት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ልደት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቀትርም፣ ወንዝም፣ ጋኔንም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። «ጥፋት» የሚለው ቃል ራሱ ባይገባውም፣ ድርሻ ከተባለ የአባትየው ድርሻ ከእናቲቱ በምንም አያንስም። በ1952 እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ፓትሪክ ትሬቨር ሮፐር አልቢኖ ከሆኑ ባልና ሚስት መልከ ልማድ ልጆች መወለዳቸውን ጽፈዋል። ይህን ሕግ በማያውቅ መንደር እንዲህ ያለች ሚስት ምን ትባል እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምተው። ነጭ የተወለደው ልጅ የሚያስፈልገው ጸበኛ ዘመድ አይደለም፤ ሜላኒን የሚከላከለውን ፀሐይ የሚከላከልለት ባርኔጣና ረጅም እጅጌ፣ ለደካማ ዓይኑም በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው አጠገብ መቀመጫ ነው።

በመጨረሻ የመጀመሪያው ጓደኛችን ጥያቄ ይቀራል፤ ነጭ አዞ ይገኝ ይሆን? የአዞ ዘመድ የሆነው አሊጌተር ነጭ ሆኖ በ1987 በአሜሪካ በሉዊዚያና ረግረግ ስለተገኘ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ይሁን እንጂ በ1984 የተቋቋመው የአርባ ምንጭ እርባታ የተመሠረተው ከሐይቅ ዳርቻ እንቁላልና ጫጩት ሰብስቦ በማሳደግ ላይ ነው። ይህ አሠራር ለቆዳ ምርት ይበቃል፤ ለዘር ምርመራ ግን የአባትና የእናት ስም እንደጎደለው የክርስትና መዝገብ ነው። ነገ ከጫጩቶቹ አንዱ ነጭ ቢሆን እንደነቅ ይሆናል እንጂ ከየትኛው ወላጅ እንደመጣ አናውቅም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። እንቁላል ሲሰበሰብ ጎጆው የተገኘበት ዳርቻ፣ ቀኑ፣ የእንቁላሉ ብዛትና የተፈለፈሉት መልክ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የየጎጆው ጫጩቶችም ምልክት ተደርጎባቸው ይለዩ። ከጫካ የሚገኝ የእባብ ቅርፊትም ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት በኮሌጃችን ይቀመጥ፤ ይህ እንስሳውን ሳይገድሉና ሳይነኩ የሚሠራ ነው። አሳባችን ነጫጭ እንስሳትን ለገበያ ማራባት አይደለም፤ ለዚያ ሲባል ዘመድ ከዘመድ ማራባት ሌላ ድክመት እንደሚያመጣ ይታወቃል። ቤክቴል ከነጩ እባብ እስከ ነጩ የልጅ ልጅ ድረስ ዓመታት ጠብቀዋል። የእኛም ደብተር ፍሬ የሚሰጠው ምናልባት ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ይሆናል። አንዱ በዚያው አጥር ላይ ተደግፎ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ አጠገቡ ያለው ጋኔን ከመጥራት ይልቅ መዝገቡን ቢከፍትለት ድካማችን ተከፈለን ማለት ነው።