ባለ ሁለት በር አዳራሽ፦ የሞርኒንግሳይድ መናፈሻ ክርክር

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ደሴት ላይ፣ ሞርኒንግሳይድ የተባለ ጠባብና ረጅም መናፈሻ አለ። ስፋቱ 30 ኤከር ወይም 12 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚመለከት ገደል ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። መናፈሻው የተወለደው ከውበት ፍለጋ ይልቅ ከወጪ ስሌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1867 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሴንትራል ፓርክ ሹም የነበሩት አንድሩ ግሪን፣ የከተማይቱን ቀጥታ መንገዶች በዚህ ገደል ላይ ማሳለፍ እጅግ ውድ እንደሚሆን ተመልክተው ቦታው መናፈሻ እንዲሆን አሳሰቡ። ስመ ጥሮቹ የመናፈሻ ነዳፊዎች ኦልምስቴድና ቮ በ1873 የመጀመሪያውን ፕላን፣ በ1887 ደግሞ የተሻሻለውን አቀረቡ፤ ሥራው በ1895 ተፈጸመ። ሁለቱ ሰዎች አለቱን ሳይነኩ ትተው፣ የላይኛውን ጎዳናና የታችኛውን ሜዳ በድንጋይ ደረጃዎች አገናኟቸው። ላይኛውም ታችኛውም ሰው የሚወጣውና የሚወርደው በአንድ ደረጃ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከገደሉ አናት በላይ ባለው ደጋማ ቦታ ሰፈረ። ከገደሉ በታች ያለው ሐርለም ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የጥቁር አሜሪካውያን ዋና ሠፈር ሆነ። እንዲህ ሆኖ የመሬቱ ቁልቁለት የኑሮም ቁልቁለት ሆነ።

ዩኒቨርሲቲው ወደ መናፈሻው የገባው በጠብ አልነበረም። የከተማው የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ከነበሩት ከሮበርት ሞዝስ ጋር ተስማምቶ በመናፈሻው ደቡባዊ ክፍል የኳስ ሜዳዎችን አዘጋጀ። ሜዳዎቹ ከ1957 ጀምሮ ለተማሪዎቹም ለሠፈሩ ልጆችም አገልግሎት ሰጡ፤ ዝግጅቱም በብዙዎች ዘንድ ተወደደ። በሌላ በኩል የዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተሠራ፣ ለተማሪው ቁጥር ጨርሶ የማይበቃ ነበር። ስለዚህ አዲስ ጂምናዚየም በመናፈሻው ቁልቁለት ላይ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። የክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1960 ፈቃዱን ሰጠ፤ በ1961 የከተማው አስተዳደር 2.1 ኤከር መሬት በዓመት 3,000 ዶላር አከራየ። በምላሹም ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢው ሕዝብ የተለየ ጂምናዚየም በሕንፃው ውስጥ በራሱ ወጪ ሠርቶ ሊያስተዳድር ተዋዋለ። በጊዜው ብርቱ ተቃውሞ አልተነሣም።

የሕንፃው አቀማመጥ በወረቀት ላይ ለሚያየው ሰው ብልኅነት ያለው ነው። በገደል ላይ ለሚቆም ሕንፃ የላይኛውን ፎቅ ከላይኛው ጎዳና፣ የታችኛውን ፎቅ ከታችኛው ጎዳና ማስገባት ማንኛውም መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ነው። በፕላኑ መሠረት ተማሪዎቹና መምህራኑ ከላይ፣ በሞርኒንግሳይድ ድራይቭ በኩል ሲገቡ፣ የሐርለም ነዋሪዎች ከታች፣ በሞርኒንግሳይድ አቬኑ በኩል ይገባሉ። የሕዝቡ ድርሻ ከጠቅላላው ስፋት 12 በመቶ ያህል ነበር። ገደሉ ሁለት በሮችን ቢያስገድድም፣ በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ግድግዳ ግን አላስገደደም፤ ኦልምስቴድና ቮ በዚያው አለት ላይ ያንጠለጠሏቸው ደረጃዎች ለዚህ በቂ ምስክር ናቸው። ግድግዳውን ያቆመው የውሉ አንቀጽ ነው።

ነገሩን ያባባሰው መዘግየቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከቀድሞ ተማሪዎቹ ሲያሰባስብ ዓመታት አለፉ፤ ወጪውም እያደገ ሄዶ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በእነዚያ ዓመታት የሲቪል መብት ሕጎች ወጡ፤ ሐርለምም በመሬቱ ላይ ስለሚሠራው ነገር ቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት አጥብቆ መናገር ጀመረ። የ1961 ውል በ1966 ሰዎች ዓይን ሲነበብ ሌላ ጽሑፍ ሆነ። አዲሱ የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ቶማስ ሆቪንግ የሕዝብ መናፈሻ ለግል ተቋም መሰጠቱን በይፋ ተቃወሙ፤ ይሁን እንጂ ውሉ የጸና ነበርና ሊያፈርሱት አልቻሉም።

የዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎች ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ገደሉ ለጨዋታ የማይሆን፣ ሲመሽም ሰው የሚፈራው ቦታ ነው፤ ከተማው ራሱ የማይሠራውን ጂምናዚየም ዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ ሲያቀርብ ሕዝቡ ምን ይጎዳል? ይሉ ነበር። በመናፈሻ መሬት ላይ መሥራትም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሞዝስ በ1936 በጋ ብቻ 11 ታላላቅ የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎችን ከፍተው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ በሐርለም በሚገኘው በኮሎንያል ፓርክ የተሠራው ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የኮሎንያል ፓርክ ገንዳ ባለቤት ከተማው ሲሆን፣ የሞርኒንግሳይድ አዳራሽ ባለቤት ተከራዩ ነበር።

በ1967 መጨረሻ ገደማ ዩኒቨርሲቲው በሕዝቡ ክፍል የመዋኛ ገንዳ ለመጨመር ተስማማ። የሠፈሩም ድርሻ ወደ 15 በመቶ ያህል ከፍ አለ። ገንዳው ሐርለም በእውነት የሚያስፈልገው ነገር ነበር፤ ነገር ግን በድርድር መጨረሻ እንደ ማባበያ ስለ መጣ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ተቃዋሚዎቹ ለሕንፃው ያወጡለት ስምም ከዚያ በፊት በሰው አፍ ገብቶ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችን ከነጮች ይለያዩ የነበሩት ሕጎች «ጂም ክሮው» ይባላሉ፤ ጂምናዚየምም በአጭሩ «ጂም» ነው። ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ቢለያዩም በአማርኛ ፊደል እንኳ አንድ ናቸው፤ ስሙን ለማስረሳት የሚበቃ ማብራሪያ አልተገኘም።

ቁፋሮው በየካቲት 1968 ተጀመረ። ወዲያው ነዋሪዎችና ተማሪዎች በቦታው ሰልፍ አድርገው የታሰሩ ነበሩ። ሚያዝያ 23 ቀን ተማሪዎች ወደ ቁፋሮው ወርደው የአጥሩን ክፍል ነቀሉ፤ ከዚያም ተመልሰው ሐሚልተን የተባለውን ሕንፃ ያዙ። ጥያቄያቸው ከመናፈሻው አልፎ የዩኒቨርሲቲውን የጦር ምርምር ግንኙነትም ይጨምር ነበር። በዚያው ሌሊት ጥቁር ተማሪዎች ሐሚልተንን ለብቻቸው ሲይዙ፣ ሌሎቹ ወደ ሌሎች ሕንፃዎች ተዛወሩ። በከንቲባ ሊንድሴይ ጥያቄ ግንባታው በቀናት ውስጥ ቆመ፤ ሚያዝያ 30 ቀን ንጋት ላይ ግን ፖሊስ ወደ ግቢው ገብቶ ከ700 በላይ ሰዎችን አሰረ። ፕሬዚዳንቱ ግሬሰን ከርክ በነሐሴ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የመናፈሻው ፕላንም በ1969 ተተወ።

ዩኒቨርሲቲው አዳራሹን በራሱ ግቢ፣ በአብዛኛው ከምድር በታች ሠርቶ በ1974 ከፈተ። ይህም መሬቱ ከመጀመሪያው በእጁ እንደነበረ ያሳያል፤ ሥራው አስቸጋሪ ቢሆን እንኳ የሚቻል ነበር። በገደሉ ላይ የቀረው ጉድጓድ ግን ለሃያ ዓመታት ያህል ታጥሮ ቆየ። በመጨረሻ በ1989 እና በ1990 ከተማው የመናፈሻውን ደቡባዊ ክፍል በ5 ሚሊዮን ዶላር ሲያድስ ጉድጓዱ ፏፏቴ ያለው የጌጥ ኩሬ ሆነ። በ2008 መናፈሻው በሙሉ በከተማው የቅርስ ጥበቃ መዝገብ ገባ።

ለሠፈሩ ተስፋ የተሰጠው ገንዳ በዚያ ቦታ አልተሠራም። ሐርለም የ1936ቱ ገንዳ ቀረለት፤ የኮሎንያል ፓርክ ስም በ1978 ተለውጦ በቤዝቦል ተጫዋቹ በጃኪ ሮቢንሰን ተጠርቷል፤ ከኩሬው ተነሥቶ ወደዚያ ለመድረስ ከሠላሳ በላይ መንገዶችን ወደ ሰሜን ማቋረጥ ያስፈልጋል።