የጕድጓዱ ሰው ታሪክ ከሕንድ አገር እስከ ኢትዮጵያ

ሕንድና ኢትዮጵያ የተዋወቁት በንግድ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለ ትምህርት ሲነሣም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያስተማሩት የሕንድ መምህራን ይታወሳሉ። ነገር ግን እነዚያ መምህራን ከመምጣታቸው አራት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ የሕንድ ሊቃውንት ትምህርት በግዕዝ ተጽፎ ይነበብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱ በምሳሌ የቀረበ ነው። አንድ ሰው በዱር ሲሄድ ከአውሬ ሸሽቶ ከጥልቅ ጕድጓድ ገባ፤ ነገር ግን እታች ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከላይ አውሬው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከታች እባብ አፉን ከፍቶ ይጠባበቃል። የተንጠለጠለበትንም ሥር ነጭና ጥቁር አይጦች ይቈረጥሙታል። ሰውየው ግን ከበላዩ የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ ያለበትን ሁሉ ረሳ። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም የዚህ ዓለም ደስታ ነው።

ይህ ምሳሌ በሳንስክሪት ቋንቋ በተጻፈው ታላቅ የሕንድ ግጥም፥ በማሃባራታ ውስጥ ይገኛል። በዚያ የሚናገረው ቪዱራ የሚባል ጠቢብ ነው፤ የሚሰማውም ልጆቹ በጦርነት ያለቁበት ዕውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ ነው። አውሬውም ስድስት ፊትና ዐሥራ ሁለት እግር ያለው ዝሆን ነው፤ ይኸውም ስድስት ወቅትና ዐሥራ ሁለት ወር ያለው ዓመት ማለት ነው።

በመካከለኛው ዘመን የሕንድ ባለቅኔዎች የቀደሙትን መጻሕፍት እንደ ገና እየጻፉ ለዘመናቸው ሰው ያቀርቡ ነበር። በ11ኛው መቶ ዓመት በካሽሚር የነበረው ክሼሜንድራ ማሃባራታን አሳጥሮ በግጥም ጻፈ። ይኸው ባለቅኔ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ ሲሆን፥ በ1052 የቡድሃን ታሪኮች የያዘ ሰፊ የግጥም መጽሐፍ ደረሰ። የሌላው ሃይማኖት ታሪክ ነው ብሎ አልናቀውም።

የጕድጓዱ ሰው ምሳሌ ወደ እኛ የደረሰው ከዚሁ ከቡድሃ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው። አንድ ንጉሥ ልጁ ሕመምን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ አያቸውና ዓለምን ናቀ። ይህ ታሪክ በፋርስ በኩል አልፎ በዓረብኛ ተጻፈ፤ ከዓረብኛ ወደ ጆርጅያ ቋንቋ፥ ከዚያም በ1000 ግድም በአቶስ ተራራ በሚኖረው መነኵሴ በኤውቲምዮስ ወደ ግሪክኛ ተመለሰ። በመንገዱም ላይ ልዑሉ ክርስቲያን ሆነ፤ ስሙም ተለወጠ። በሳንስክሪት «ቦዲሳትቫ» የነበረው በዓረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዓረብኛ «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለያዩ «ቡዳሳፍ» «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፤ በግዕዝም «ይዋስፍ» ሆነ። መምህሩ ባሕታዊ በረላም ይባላል።

ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት እጨጌ እንባቆም ናቸው። እርሳቸውም የየመን ተወላጅ ሲሆኑ፥ በኢትዮጵያ ክርስትና ተቀብለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ ለመሆን የበቁ ሊቅ ነበሩ። ሥራቸውን የፈጸሙት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1553 ነው። ይህ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ከተቃጠሉ በኋላ ነው። ደብረ ሊባኖስም ራሱ ተቃጥሎ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ መተርጐም የሊቃውንት ጨዋታ ሳይሆን የፈረሰውን መጠገን ነበረ።

እኛ ባለንበት አገር ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። በጋሞ ደጋ የቆየችው የብርብር ማርያም የመካከለኛው ዘመን ክርስትና እስከዚህ ደርሶ እንደ ነበረ ትመሰክራለች። ከጦርነቱ በኋላ ግን የጋሞ ክርስቲያኖች ከሰሜኑ ገዳማት ተቈርጠው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ለብቻቸው ኖሩ። ከሩቅ ሕንድ የተነሣ ታሪክ ሸዋ ሲደርስ፥ ከሸዋ ወደ ዓባያ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ጥበብን የሚያደርሳት የአገር ቅርበት ሳይሆን ተሸካሚ ሰው መገኘቱ ነው።

የጋሞ አባቶች ጥበብ ዱቡሻ በሚባለው ሸንጎ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ኃይሉም ትልቅ ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን መልሰዋል። ነገር ግን ሽማግሌ ባለፈ ቍጥር ሳይጻፍ የሚቀር ቃል አለ፤ ነጩና ጥቁሩ አይጥ ይህንንም ሥር ይቈረጥሙታልና።

ስለዚህ፥ ውድ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፥ እጨጌ እንባቆም ለሕንዱ ታሪክ ያደረጉትን እኛም ለአያቶቻችን ቃል እናድርግ። ጋሞኛ የምንሰማ፥ አማርኛም የምንጽፍ ልጆች ከሁለቱም ወገን ነን። በዕረፍት ጊዜያችን ከዱቡሻ ሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጠን የሰማነውን በደብተር ብንጽፍ፥ ይህ ትምህርት ቤት በሚመጡት በዓላቱ የሚያሳትመው የራሳችን መጽሐፍ ይኖረዋል።