ለገላ የሚጻፍ ደብዳቤ
በወሎ ሴትን "ከሳሽ፣ ጠቆርሽ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ የተረፉ እናቶቻችን እንደ መርዶ ነው የሚሰሙት። አቀስታ ውስጥ ግን አንዲት ልጅ ምግብ እየሸሸች ስትመነምን ጾም በዝቶባት ነው፣ የሰው ዓይን በልቷት ነው ይባላል እንጂ ሕመም አይባልም።

ብዙዎቹ እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የሚጽፉትም ደብዳቤ ለዘመድ እንጂ ለራስ አልነበረም። ለራስ መጻፍ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር አሳየ፦ ተማሪዎችን ለ4 ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ የውስጣቸውን ቁስል አስጻፈ፤ በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ዘንድ መመላለሳቸው ቀነሰ።

እኛም ከሕመሙ ላገገሙ እህቶች ደብተር ሰጥተናል። ሕክምናቸውን ሳይተዉ፣ "ይህ ገላ ዛሬ ምን ተሸከመልኝ?" እያሉ ይጽፋሉ። እንደ ቁጠባ ደብተራችን ኦዲት የለውም። ኪሎ መጻፍ ግን ክልክል ነው።