በወረቀት ያልሰፈረች ከተማ፦ ከሞምባሳ ወደብ እስከ ጌዴ ፍርስራሽ

ሞምባሳ ለብዙዎቻችን የኮንቴይነር ስም ናት። ዕቃው «ሞምባሳ ገባ»፣ «ሞምባሳ ተያዘ»፣ «ከሞምባሳ ተነሣ» እንላለን እንጂ ከተማዋን በዓይናችን ያየናት ጥቂቶች ነን። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ «ባሕር እንይ» ብለው ስላስቸገሩን፣ እናቴንም ጨምረን ከናይሮቢ በባቡር ወረድን። አንዱን ቀን በጀልባ፣ ሌላውን በፍርስራሽ መካከል አሳለፍነው። የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሽርሽሩ አይደለም። ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ሊያውቃት ስለሚገባ ጌዴ ስለምትባል የጥንት ከተማ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ወደቡ። የሞምባሳ የድሮ ወደብ በደሴቷ ምሥራቃዊ ጎን ነው ያለው። ከውሃው ላይ ሆኖ ለተመለከተው ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች አስጎብኚ ሳይነግረው ይገባዋል፤ መግቢያው ጠባብ፣ ውስጡ ግን ጸጥ ያለ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ፣ ስዋሂሊዎች ካስካዚ የሚሉት፣ ከዓረብና ከህንድ ጀልባዎችን ያመጣ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ የሚነሣው ኩሲ ደግሞ መልሶ ይወስዳቸዋል። ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ ቢጨርስም ነፋሱ ካልዞረ መሄጃ የለውም። ስለዚህ ቤት ይከራያል፣ ዱቤ ይሰጣል፣ አንዳንዱም ያገባል። የስዋሂሊ ከተሞች በዚህ ጥበቃ ውስጥ ነው ያደጉት። ሞያሌ ላይ መኪናው እስኪለቀቅ ሳምንት የከረመ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ኢብን ባቱታ በ1331 ሞምባሳ ሲደርስ ልብ ብሎ የመዘገበው አንድ ነገር አለ። የደሴቷ ሰዎች እህል አያመርቱም፣ እህላቸው በጀልባ ከሌላ ጠረፍ ይመጣላቸዋል፣ ሙዝና ዓሣ ይበላሉ ይላል። እንግዲህ ወደብ ስሙ ይግነን እንጂ ከኋላው የሚያበላው አገር ያስፈልገዋል።

በጀልባዋ ስናልፍ ከፍ ብሎ የሚታየው ግንብ ፎርት ጂሰስ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ሠሩት፤ ንድፉን ያወጣው ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በ1696 የኦማን ሠራዊት ከቦት ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ በ1698 ማብቂያ ያዘው። ልጆቹ መድፎቹን ወደዷቸው። እኔ የተደነቅሁት በሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ደም የፈሰሰበት የድሮ ወደብ ዛሬ ለትንንሽ ጀልባዎች ነው የቀረው። እንግሊዞች በ1896 ወደ ውስጥ አገር የሚዘልቀውን ሐዲድ መዘርጋት ከጀመሩ በኋላ ትልልቁ መርከብ ሁሉ ወደ ምዕራቡ ጎን፣ ወደ ኪሊንዲኒ ዞረ። ኪሊንዲኒ በስዋሂሊ ጥልቅ ውሃ ያለበት ማለት ነው። ደሴቷ ያው፣ ባሕሩም ያው ነው፤ ገበያው ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከፊት ወደ ጀርባ ተሻገረ።

ጌዴ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከማሊንዲ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ባሕር ዳር አይደለችም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ በጫካ ውስጥ ነው ያለችው። የዛፍ ሥር የመስጊዱን ግድግዳ አቅፎ ይዞታል። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ቤተ መንግሥት፣ ትልቁ መስጊድ፣ ዓምድ የቆመባቸው መቃብሮች አሉ። ከመቃብሮቹ በአንዱ ላይ 802 ዓመተ ሒጅራ ተጽፏል፤ 1399 መሆኑ ነው። ከተማዋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣም ደምቃ ነበር፣ በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ግን ሰው አልነበረባትም። ጄምስ ኪርክማን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1948 ጀምሮ ለዓመታት ቆፈራት።

ቆፋሪዎቹ የባለቤቶቹን ስም ማወቅ ስላልቻሉ ቤቶቹን በተገኘባቸው ዕቃ ሰየሟቸው። የመቀሱ ቤት አለ። የዛጎሎቹ ቤት፣ የብረት ፋኖሱ ቤት፣ የቻይና ሳንቲም ቤት፣ የቬኒስ ዶቃ ቤት አለ። እስቲ የእናንተን ሱቅ ከ500 ዓመት በኋላ በምን ይጠሩት ነበር? ባለቤቴ «ያንተን የቻርጀር ቤት ይሉት ነበር» ብላ ሳቀችብኝ።

በብዙዎቹ ቤቶች ከኋላ አንድ ክፍል አለ፤ በር የለውም። መግቢያው ከግድግዳው ከፍ ብሎ የተተወ ጠባብ ቀዳዳ ነው፣ በመሰላል ይወጣበታል ተባልን። ውድ ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ነበር። ልጄ ለምን በር እንደሌለው ብትጠይቅ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ገበያ ላይ የኖረችው እናቴ «በር ካለ ቁልፍ አለ፤ ቁልፍ ካለ ደግሞ ቁልፉን የሚይዝ ሰው አለ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። አስጎብኚው ሲተረጎምለት እጅግ ደስ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማሊንዲን ዓለም ያውቃታል። በ1415 ለቻይና ንጉሥ ቀጭኔ ልካለች፤ በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ህንድ የሚያደርሰውን መሪ ያገኘው እዚያ ነው። ፖርቱጋሎች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በማሊንዲ ተቀምጠው ነገዱ፣ ጻፉም። የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለችው ጌዴ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ የለችም። በሌላ ስም ጠርተዋት ይሆናል የሚሉ አሉ። ቤተ መንግሥትና የከተማ ግንብ ያላት፣ የቻይና ሸክላ በገፍ የምትገዛ ከተማ ከደጃቸው ሆና እንዴት አላዩዋትም?

የእኔ ግምት የነጋዴ ግምት ነው። ፈረንጆቹ የሚጽፉት በወደቡ ላይ ያገኙትን ሰው ነው። ዕቃው ከወደብ ወጥቶ በእነማን እጅ እንዳለፈ፣ ማን ቤት እንደገባ አይጠይቁም ነበር። ዛሬም ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚሰፍረው አስመጪው ነው። በጆንያ አድርጋ ድንበር የምታሻግረው እናት በየትኛው መዝገብ አለች? ጌዴን ከመረሳት ያዳናት የተሰበረ ሳህኗ ነው።

የጠፋችበትን ምክንያት ሊቃውንቱ አንድ ብቻ አያደርጉትም። ውሃው ሸሽቷል፤ በትልቁ መስጊድ አጠገብ ያለው ጉድጓድ መጥለቁ ለዚህ ምስክር ነው። በ1589 ዚምባ የሚባሉ ወራሪዎች ጠረፉን አተራምሰውታል። ፖርቱጋሎች የማሊንዲን ገዥ ይዘው ወደ ሞምባሳ ሲዛወሩ የማሊንዲ ገበያ ወደቀ። ከሰሜን ደግሞ ኦሮሞዎች ወደ ጠረፉ ይወርዱ ነበር። ዘመዶቻቸው ኦርማዎች እስከ ዛሬ በኬንያው ጣና ወንዝ ዳር ከብት ያረባሉ (ከእኛ ጣና ጋር አይምታታባችሁ)። የከተማዋ ስም ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ «ውድ» ማለት ነው የሚሉም አሉ። በአማርኛ «ገድ» ዕድል መሆኑ ለእናቴ በቂ ማስረጃ ሆኗት ነበር፤ እኔ እንኳ ያን ያህል አልደፍርም።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ የማሊንዲ ነገር ነው። የጌዴ ሰዎች ምንም አላጠፉም። የጎረቤታቸው ወደብ ደንበኛውን አጣ፣ እነሱም አብረው ደረቁ። በመጨረሻ የቀሩት በሌላ አጠር ያለ ግንብ ውስጥ ተሰብስበው፣ ትልልቁን ክፍል በግድግዳ ከፍለው ኖረዋል። እኛም የምንኖረው በሰው ወደብ ነው። በርበራ፣ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ እንላለን። ላሙም በ2021 የመጀመሪያ መርከቦቿን ተቀብላ፣ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መውጫ ትሆናለች ተብላለች። ይህ ሲሆን የትኛው የመንገድ ዳር ከተማ ይሞላል፣ የትኛው ባዶውን ይቀራል? ሱቅ ልትገዙ፣ መጋዘን ልትሠሩ ያሰባችሁ ይህን ዛሬውኑ ብትጠይቁ ይበጃል።

ጌዴ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ በመጨረሻ ስሟ በወረቀት ሰፈረ። መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከሞምባሳ የማሊንዲን ማታቱ ይዛችሁ ጌዴ መገንጠያ ላይ ውረዱ። ከዚያ በእግርም ይደረሳል፣ ሽማግሌ ካለ ግን ቱክቱክ ያዙለት። ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ሙዝ በእጃችሁ ይዛችሁ አትግቡ፤ ጦጣዎቹ ከእናቴ ነጠላ ሥር ነው የወሰዱት።