የሞተር መጋዝ ለማን ዛፍ ተሠራ? ለእኛ ባሕር ዛፍስ የትኛው ይበቃል?



የባሕር ዛፍ መቁረጫ ጊዜ ሲደርስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «የሞተር መጋዝ ልገዛ ነው፤ የትኛው መጠን ይሻለኛል?» ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ረጅሙን ነው። ረጅሙ ለዓይን ያምራል፣ ጉልበተኛም ይመስላል፤ ዋጋውም እንደ መጠኑ ነው። ግን ያ ረጅም መጋዝ መጀመሪያ የታሰበው ለየትኛው ዛፍ ነበር? መልሱ ገንዘባችሁንም አካላችሁንም ስለሚያድን እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

ሞተር ሳይመጣ በፊት ዛፍ የሚጣለው በምሳር ነበር። ግንዱ ሲወፍር ደግሞ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ የሚስበው መጋዝ ይመጣል። ያ መጋዝ ከግንዱ ውፍረት በጣም መርዘም ነበረበት። የሚቆርጠው ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ ስለሆነ፣ መመላለሻ ካጣ ጥርሱ አይበላም፣ ሰጋቱራውም አይወጣም። «መጋዝ ሲረዝም ይሻላል» የሚለው ነገር ለእሱ ልክ ነው። በሞተር መጋዝ ግን ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ማለትም ባሩ፣ ባለበት ይቆማል፤ የሚሮጠው ሰንሰለቱ ብቻ ነው። መመላለሻ ቦታ አይፈልግም። ስለዚህ የድሮው ልክ እዚህ አይሠራም።

ዛሬ የምናውቀው የሞተር መጋዝ መሠረት ከተጣለባቸው አገሮች አንዷ ጀርመን ናት። አንድሪያስ ሽቲል የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ሠራ። በዓመቱ ደግሞ ኤሚል ሌርፕ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ ዶልማር በተባለ ተራራ ላይ ሞከረ፤ መጋዙም በተራራው ስም ተጠራ። ሽቲልም በ1929 የራሱን የቤንዚን መጋዝ አወጣ። ጉልበቱ 6 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ክብደቱ ግን 46 ኪሎ! ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት መሥራት የማይታሰብ ነበር፤ ሁለት ሰው ይዞት ነበር የሚሠራው።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያሉት የጥድ ዘመዶች ግንዳቸው ከ1 ሜትር ያለፈ፣ አንዳንዴም 2 ሜትር የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ግንድ ለመቁረጥ ባሩ መርዘሙ ግድ ነበር። ረጃጅሞቹ ባሮች የተፈለጉት ለእንዲህ ዓይነቱ ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ለአጠና አይደለም።

ያን ጊዜ ሌላም ችግር ነበር። የሰንሰለቱ ጥርስ እንጨቱን ይጭር ነበር እንጂ በደንብ አይቆርጥም፤ ቶሎ ቶሎ ይደንዛል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ የእንጨት ትል ልብ ብሎ ተመለከተ። ትሉ በሁለት መንጋጋው ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ጠንካራውን እንጨት ሲበላ አየ። ኮክስ ያንን መንጋጋ አስመስሎ የሰንሰለት ጥርስ ሠራ፤ በ1947ም ማምረት ጀመረ። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ሰንሰለት፣ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የዞረው፣ ከዚያ የመጣ ነው። የእንጨት ትል ትንሽ ናት፤ የምትቆርጠው በመንጋጋዋ ስለት ነው። መጋዛችሁም እንደዚያው ነው፤ የተሳለ አጭር ባር ከደነዘ ረጅም ባር ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ መጋዙ እየቀለለ ሄደ። በ1950 ሽቲል አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው የቤንዚን መጋዝ አወጣ። በ1959 የወጣው ደግሞ 6 የፈረስ ጉልበት ኖሮት 12 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር። ልብ በሉ፣ ጉልበቱ የ1929ኙ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ አንድ አራተኛ ወርዷል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ ዓመት የደከሙት የሰውን ትከሻ ለማሳረፍ ነው። እኛ ሳያስፈልገን ትልቁን ስንገዛ ያንን ሸክም መልሰን እንሸከማለን።

አሁን ወደ እኛ ዛፍ እንምጣ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ከመመናመኑ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶና የቤት መሥሪያ ጥያቄ አቃለለ። ከዚያ ወዲህ በጓሯችን የተከልነው ለአጠና፣ ለማገር፣ ለማገዶ በጥቂት ዓመት የሚቆረጥ ዛፍ ነው። ቀጭን ነው፣ ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ከጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሚሮጥ ሰንሰለት በባሩ ጫፍ የላይኛው በኩል ጠንካራ ነገር ሲነካ፣ መጋዙ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ፊት ተፈናጥሮ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል ነው ከእጀታው ፊት ያለው የሰንሰለት ፍሬን የተሠራው። በተጠጋጋ ባሕር ዛፍ መሐል 60 ሳ.ሜ. ባር ይዛችሁ ብትገቡ፣ 15 ሳ.ሜ. ግንድ ስትቆርጡ የተረፈው ጫፍ ከኋላ ያለውን ሌላ ግንድ ወይም ቡቃያ ይነካል። ጫፉን ደግሞ ግንዱ ስለሚጋርደው አታዩትም።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? የግንዱን ዙሪያ በገመድ ለኩና ለ3 አካፍሉት፤ ውፍረቱን በግርድፉ ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ 5 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ለምሳሌ ዙሪያው 60 ሳ.ሜ. ከሆነ ውፍረቱ 20 ሳ.ሜ. ነው፤ 5 ሲጨመር 25፤ ስለዚህ 30 ሳ.ሜ. ባር ይበቃችኋል።

– ውፍረቱ እስከ 25 ሳ.ሜ. ለሆነ፦ ባር ከ30 እስከ 35 ሳ.ሜ. (12–14 ኢንች)፣ ሞተር ከ30 እስከ 40 ሲሲ።
– ከ25 እስከ 40 ሳ.ሜ. ለሆነ፦ ባር ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ. (16–18 ኢንች)፣ ሞተር ከ40 እስከ 50 ሲሲ።
– ከ40 ሳ.ሜ. በላይ ለሆነ፦ ባር ከ50 እስከ 60 ሳ.ሜ. (20–24 ኢንች)፣ ሞተር 60 ሲሲና ከዚያ በላይ።

ባሩና ሞተሩ መመጣጠን አለባቸው። በትንሽ ሞተር ላይ ረጅም ባር ብትገጥሙ ሰንሰለቱ ይዝላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም እስከ ጫፍ አይደርስም፤ መጋዙ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ማኑዋሉ ላይ ከተጻፈው ርዝመት አትለፉ።

«አንድ ወፍራም ዛፍ አለኝ እኮ፣ እሱንስ?» ለምትሉ፣ ለአንድ ዛፍ ብላችሁ ትልቅ መጋዝ አትግዙ። ለዚያ ቀን ባለሙያ ከነመጋዙ ተከራዩ፤ የሠለጠነ ሰው ከግራና ከቀኝ እየቆረጠ ይጥለዋል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ገመድ ይዛችሁ ማሳችሁን ዙሩ፤ አሥር ያህል ዛፍ ለኩና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሻጩ ረጅሙን ሲያነሳላችሁ ቁጥራችሁን አሳዩት። የሰንሰለት ፍሬኑ መሥራቱንም ዓይናችሁ እያየ አስሞክሩ፤ የማይዝ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። መልካም የሥራ ጊዜ!